ከሸራ ጀርባ ያለው ክፍል

የጎማ ጥገና ቤቴ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። ማን ገባ ማን ወጣ እያልኩ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም፤ የማየው ጎማ እየፈታሁ ቀና ስል የሚታየኝ ያ አረንጓዴ በር ብቻ ስለሆነ ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት እኔ ጋ ነው። ተማሪው ሁሉ «ጋሽ ፊሽካ» ይላቸዋል። ፊሽካው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ ሲነፉት ግን በሩ ጋ ቆመው ሳይሆን የእኔ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ነው።

«ከሩቅ ሲሰማ ይበልጥ ያስፈራል» ይላሉ።

እህቴ ድምቢጥ እዚያው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ናት። ትክክለኛ ስሟ ይህ አይደለም፤ ትንሽና ቀጭን ስለሆነች ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቤት ውስጥ ድምቢጥ ተብላ ቀረች። ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ማለፍ አለባት። እማዬ ቁርጡን ነግራታለች፤ ካላለፈች ሌላ ከተማ ያለችው አክስታችን ወስዳ ሱቋ ውስጥ ታሠራታለች። አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ግን እዚያ ሱቅ የገባ የዘመድ ልጅ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። የአጎቴ ልጆች እስከ ዛሬ ሳሙና እየደረደሩ ነው።

ዓምና ትምህርት ቤቱ በፈተና ውጤት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ገባ። ዘንድሮ መንግሥት ውጤታቸው ዝቅ ላለ ትምህርት ቤቶች በራሱ በጀት የማጠናከሪያ ትምህርት ጀመረ። ደካማ የተባሉት ልጆች ከመደበኛው ክፍል በኋላ በነፃ ይማራሉ። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ተሰጠቻቸው። የምታስተምራቸው በኮንትራት የተቀጠረች ወጣት ናት። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏታል፤ ዳይሬክተሩ «አስጠኚዋ» ይሏታል፤ ጋሽ ፊሽካ ደግሞ በሩን ቆልፈው ወደ ቤታቸው የሚሄዱበትን ሰዓት ስላራዘመችባቸው «ያቺ አምሺ» ይሏታል።

ድምቢጥን የሚያቅታት ክፍልፋይ ነበር። ግማሽና ሲሶ ደምሪ ስትባል የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምራ ሁለት አምስተኛ ትላለች። ለዓመታት እንዲህ ስትል በቀይ እስክሪብቶ ከመሰረዝ በቀር ለምን ብሎ የጠየቃት አልነበረም። አስጠኚዋ በመጀመሪያው ሳምንት አጠገቧ ቁጭ አለችና «ግማሽ ነበረሽ። ሲሶ ጨመርኩልሽ። እንዴት ከግማሽ ያነሰ ደረሰሽ? ማን ወሰደብሽ?» አለቻት። ድምቢጥ ቤት መጥታ ይህን ስትነግረን ሌባ የያዘች ነበር የምትመስለው።

አስጠኚዋ አንድ ሕግ ነበራት። ማንም ልጅ ያልገባውን አንድ ነገር ሳይናገር ከክፍሉ አይወጣም። «ሁሉም ገብቶኛል» የሚል ከተገኘ ጠመኔ ይሰጠውና ሰሌዳው ጋ ወጥቶ ለሌሎቹ ያስረዳል።

እኛ ቤት አልገባኝም የሚል ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ሰው ሲያናግረኝ ቶሎ እንዲሄድልኝ «እሺ፣ ገባኝ» ብዬ ነው የምገላገለው። ድምቢጥም እንደኔው ነበረች። ጥቂት ወራት እዚያ ክፍል ከተማረች በኋላ ግን እማዬ «ሂጂና ተኚ» ስትላት «አልገባኝም፣ ለምን?» ማለት ጀመረች።

«ይቺን ልጅ ያባለጋት ትምህርቱ ነው እንዴ?» አለችኝ እማዬ።

«ትምህርቱ ነው» አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ከትምህርት ቢሮ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው ተባለ።

ዳይሬክተሩ እንቅልፍ አጡ። በሩ ዳር የተደረደሩትን ድንጋዮች ኖራ አስቀቡ። የጠባቧ ክፍል መስኮት መስታወት ገባለት። ለጋሽ ፊሽካ የዘበኛ ኮት ተገዛላቸው፤ እጅጌው ስለረዘመባቸው ፊሽካውን ሲይዙ ጣታቸው አይታይም ነበር።

«ሰው ሲያየኝ ፊሽካው ራሱ አፌ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው» አሉኝ።

በጉብኝቱ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዳይሬክተሩ መንገዱን ተሻግረው ወደ እኔ መጡ። ከኋላቸው የማጠናከሪያ ክፍሉ ልጆች ቦርሳቸውን እንዳነገቱ ተከትለዋቸዋል። ድምቢጥ ከፊት ናት።

«ጎረቤት፣ ዛሬ ላስቸግርህ ነው» አሉኝ።

«ምን ልታዘዝ ጋሼ?»

«እነዚህን ልጆች ለአንድ ሰዓት ያህል ጓሮህ ያዝልኝ። መንገድ ላይ ሲንከራተቱ እንግዶቹ እንዳያዩዋቸው።»

በእነሱ ቦታ ከየክፍሉ አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት ልጆች ተመርጠው ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ይህን ያወቅኩት ልጆቹ ሲያወሩ ሰምቼ ነው። ለዳይሬክተሩ እንደ ልማዴ «እሺ፣ ገባኝ» አልኳቸው። የጠየቀቻቸው ድምቢጥ ናት።

«ጋሼ፣ አልገባኝም። እንግዶቹ የሚያዩት የእኛን ክፍል አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ እኛ ለምን እንወጣለን?»

«እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም? የአንድ ቀን ነገር ነው። ጎበዞቹ ይመልሱልናል፣ እንግዶቹ ደስ ይላቸዋል፣ በጀት ይጨምሩልናል። ለእናንተው ነው እኮ።»

«እኛ ጥራጊ ነን ማለት ነው?»

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። «እህትህ ናት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ምላሷን ካንተ አልወረሰችውም» ብለው እየተቻኮሉ ሄዱ።

ከቤቴ ጀርባ አሮጌ ጎማ የማከማችበት በሸራ የተጋረደ ቦታ አለ። ልጆቹን እዚያ አስገባኋቸው። ጎማ ላይ ጎማ ደራርበው ተቀመጡ። አንዱ «እኛም ወንበር ተሻሻለልን» አለና ሳቁ። ድምቢጥ አልሳቀችም።

አስጠኚዋ በሩ ጋ ወጥታ ከዳይሬክተሩ ጋር ስትከራከር አየኋት። የተባባሉትን ጋሽ ፊሽካ መጥተው ነገሩኝ።

«‹የእኔ ተማሪዎች እነዚህ አይደሉም› አለቻቸው። ‹የተቀጠርሽው ለማስተማር ነው ለመምረጥ?› አሏት። እሷም ዝም አላለች፤ ‹መምረጡንም ማስተማሩንም እርስዎ ወሰዱብኝ› አለቻቸው። ያቺ አምሺ ወንድ ናት።»

የሆነው ሆኖ ገብታ አስተማረች። ጉብኝቱ አልቆ የእንግዶቹ መኪና ከግቢ ሲወጣ ግራ የኋላ ጎማው ተነፍሶ ነበር። ሾፌሩ ቀጥ ብሎ እኔ ጋ አቆመው። ከመኪናው መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ወረዱ፤ ዋናዋ ገምጋሚ እሳቸው ናቸው። ዳይሬክተሩም ሊሸኟቸው ተከትለው መጡ። ሸራውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ፊታቸው ቅጭም አለ።

ክሪኩን አስገብቼ ብሎኖቹን መፍታት ጀመርኩ። ሴትዮዋ ከራሴ በላይ ቆመው ያወራሉ።

«እንዲህ ዓይነት ልጆች አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። አስጠኚዋ መጨረሻ ላይ ያልገባችሁን ተናገሩ ስትላቸው አንድ እጅ እንኳ አልወጣም።»

«የልፋታችን ውጤት ነው» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ሌላ ቦታ ብታዩ ታዝናላችሁ። ግማሽና ሲሶ መደመር የሚያቅታቸው አሉ።»

«ያሳዝናል» አሉ ዳይሬክተሩ።

ጎማውን ገንዳ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን እየፈለግኩ ነበር። ያን ጊዜ ከሸራው ጀርባ አንድ ነገር ተንኮታኮተ። ከዚያ አንዲት የትንሽ መኪና ጎማ ከሸራው ሥር ወጥታ እየተንከባለለች መጣችና ሴትዮዋ እግር ሥር ደርሳ ተኛች። ሸራው ተገለጠ። ድምቢጥ ጎማዋን ልታነሳ ወጣች፤ ከኋላዋ የሌሎቹ ፊት ተደርድሮ ይታያል።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አሉ ሴትዮዋ።

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። እነዚህ ናቸው፣ ለእነዚህ ነው የመጣችሁት፣ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። እጄ እርጥብ ነበር፤ እሱን እየጠረግኩ ሳለ ዳይሬክተሩ ቀደሙኝ።

«ከክፍል የሚጠፉ ልጆች ናቸው። ከዚህ ወጣት ጋር እንነጋገርበታለን።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ድምቢጥን በፍቅር አዩዋት። «የኔ ልጅ፣ ለምን አትገቢም? በነፃ የሚያስተምርሽ ሰው አለ። እነዚያን ጎበዝ ጓደኞችሽን እያቸው እስቲ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ወንድሜ፣ ልጆች ትምህርታቸውን ትተው እዚህ እንዲቀመጡ አትፍቀድ።»

ድምቢጥ ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች።

«እሺ» አልኩ።

ቀዳዳውን ደፈንኩት፣ ጎማውን ገጠምኩት፣ መኪናው ሄደ። ድምቢጥ ማታ እስክንተኛ ድረስ አላናገረችኝም። መብራት ላጠፋ ስል «ያልገባኝን ልንገርህ?» አለችኝ።

«ንገሪኝ።»

«ለምን እንዳልተናገርክ።»

ብዙም ሳይቆይ ከቢሮ ደብዳቤ መጣ። ትምህርት ቤቱ በአጭር ጊዜ ስላሳየው መሻሻል ምስጋና ይገባዋል፤ የማጠናከሪያ ትምህርቱ ግን ይበልጥ ወደሚያስፈልጋቸው ትምህርት ቤቶች ስለሚዛወር ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ እዚህ አይሰጥም። ዳይሬክተሩ ይህን ያነበቡልኝ ጎማዬ ላይ ተቀምጠው ነው።

«ምስጋና ይላል» አሉኝ። «እየው፣ እዚህ ጋ። ምስጋና ብሎ ወሰደብን።»

ሊያናድዱኝ ይገባ ነበር፤ ግን ከእሳቸው በላይ የተናደደ ሰው በአካባቢው አልነበረም።

አስጠኚዋ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ተመደበች። ድምቢጥ እዚያ ሄጄ ልማር ብላ ስትጠይቃት የሚገቡት የዚያው ትምህርት ቤት ልጆች ብቻ እንደሆኑ ነገረቻት። በሄደችበት ቀን ሱቄ ድረስ መጥታ ከቦርሳዋ አንድ ሙሉ ጠመኔ አወጣችና ለድምቢጥ ሰጠቻት። «የተረፈኝ ይቺው ናት» አለች። እኔን «ቻው» አለችኝ። ብትወቅሰኝ ይሻል ነበር።

በነጋታው ሱቄን ለጋሽ ፊሽካ አደራ ብዬ ቢሮ ሄድኩ። ጉዳዩን የሚመለከተው ሰውዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በረንዳው ላይ የቆምኩት ብዙ ነው፤ ስገባም የተዘጋጀሁበት ንግግር ጠፍቶብኝ ከመጨረሻው ጀመርኩ።

«ያያችኋቸው ልጆች ሌሎች ናቸው» አልኩት።

«ከምኖቹ ሌሎች?»

አስረዳሁት። ሰውዬው ሰማኝ፤ በጨዋነት ሰማኝ።

«ሊሆን ይችላል» አለ። «ግን እኛ የምንሠራው ትምህርት ቤቱ ባቀረበው ነው። ይመለስልን ካለ ዳይሬክተሩ ይጻፉ። ልጆቹ አሁንም ደካማ ናቸው፣ ያኔ የቀረቡት ሌሎች ነበሩ ብለው ይፈርሙ። በወላጅ ወይም በወንድም አቤቱታ አይቀየርም። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩና ወጣሁ።

ደረጃውን ወርጄ ከጨረስኩ በኋላ እንዳልገባኝ ታወቀኝ። ተመልሼ ወጣሁና በሩን ገፋሁት።

«ይቅርታ፣ አልገባኝም።»

«ምኑ?»

«ልጆቹ ደካማ መሆናቸውን አንድ ሰው መጥቶ ቢያያቸው አይበቃም? አሉ እኮ። እኔ ጋ ናቸው።»

«ደብዳቤ ከሌለ ሰው አይላክም።»

«ደብዳቤውን መጻፍ ያለበት ደግሞ እንዲህ ያደረገው ሰው ነው።»

«አሁን ገባህ» አለኝ፤ ሊያሾፍብኝ ብሎ አይመስለኝም።

ዳይሬክተሩን ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። «ዋሽቻለሁ ብዬ በገዛ እጄ ልፈርም? ጡረታ ልወጣ ትንሽ ነው የቀረኝ። ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።»

«ለሚቀጥለው ዓመት እህቴ አክስቷ ሱቅ ናት።»

«እግዜር ያውቃል» አሉና ስልካቸውን አነሱ። ስልኩ ግን አልጮኸም ነበር።

ልጆቹ ግን መምጣታቸውን አላቆሙም። ከትምህርት ሲወጡ ጠባቧ ክፍል ስለምትቆለፍ መንገዱን ተሻግረው እኔ ጋ ይመጣሉ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ሸራውን ገልጠው ይገባሉ፣ ጎማ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጥቁር ቀለም የቀባሁትን የቆርቆሮ በር ሰሌዳ አድርገውታል። ጠመኔዋን ድምቢጥ ናት የምትይዘው። የሚችሉትን ይሠራሉ፤ መጨረሻ ላይ በሕጉ መሠረት እያንዳንዱ ያልገባውን ይናገራል።

መከራው እዚህ ላይ ነው። የሚያስረዳ የለም። አንዱ «ሲሶን በሩብ ማካፈል አልገባኝም» ይላል። ሌላው «እኔም» ይላል። ዞረው ያዩኛል። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት በጊዜ ነው፤ የጎማ ንፋስ ልኬት እንጂ ይህን አላውቅም። ስለዚህ ያልገባቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ በነጋታው እሱኑ ይዘው ይመጣሉ፣ ሌላም ይጨምሩበታል። ጋሽ ፊሽካ አንድ ቀን ይህን ሲያዩ ቆይተው «እዚህ ቤት ከጎማ ይልቅ ጥያቄ ተከማቸ» አሉ። ፈተናው እየቀረበ ነበር።

አንድ አመሻሽ ላይ ዳይሬክተሩ ቦርሳቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በራፌ ላይ ቆሙ። ከውስጥ ያንኑ የሲሶና የሩብ ጥያቄ ሰምተው ነው። ጥቂት አመነቱና ሸራውን ገልጠው ገቡ። ልጆቹ ብድግ አሉ።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። ማን ነው እንዲህ የጻፈው? ሁለተኛው ይገለበጣል እንጂ።» ጠመኔዋን ተቀብለው ሠሩላቸው። ዳይሬክተር ከመሆናቸው በፊት የሒሳብ መምህር እንደነበሩ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ጥሩ አድርገው አስረዱ። አንድ ጊዜ ሳቁም። ከዚያ ሰዓታቸውን አይተው ቦርሳቸውን አነሱ።

«በሉ፣ ደህና እደሩ።»

«ጋሼ፣ ሕጉ» አለች ድምቢጥ።

«የምን ሕግ?»

«ያልገባውን ሳይናገር የሚወጣ የለም።»

ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ቦርሳቸውን መልሰው ጎማ ላይ አስቀመጡ።

«እኔ ያልገባኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለእናንተ ብዬ ነበር። ትምህርት ቤቱ ስሙ እንዲነሳ፣ እንዲጨመርላችሁ። ጎበዝ ልጅ ማሳየት እንዴት እንደሚያስቀማ አልገባኝም።»

ድምቢጥ ጠመኔዋን ከእጃቸው ተቀበለችና አንድ አግድም መስመር አሰመረች።

«ከታች የምንማረው ልጆች ብዛት ነው። ከላይ የገባን ልጆች ብዛት ነው። የላዩ ትንሽ ነበር፤ ለዚህ ነው ቲቸርን የላኩልን። እርስዎ የታችኛውን ቀየሩት። እኛን አወጡና በእኛ ቦታ የሚችሉትን አስገቡ። ስለዚህ የላዩና የታቹ እኩል ሆነ። እኩል ሲሆን አንድ ሙሉ ነው።» ከመስመሩ በላይና በታች አንድ ዓይነት ቁጥር ጻፈች። «ሙሉ ለሆነ ነገር ማን ይጨምራል?»

ዳይሬክተሩ ሰሌዳውን ሲያዩ ቆዩ።

«ገባኝ» አሉ።

ድምቢጥ ጠመኔዋን መልሳ ዘረጋችላቸው። «ከገባዎት ደግሞ ያስረዳሉ።»

«ለማን?»

«ለእኛ አይደለም፤ እኛ ገብቶናል። ለቢሮው።»

ጠመኔዋን ተቀብለው ቆመው ሳለ ከውጭ አንድ ሾፌር ጥሩምባ ነፋብኝ። ጎማው ሙሉ በሙሉ ተነፍሶ ነበር፤ ጥዬው መቆየት አልቻልኩም። ፈትቼ፣ ደፍኜ፣ ገጥሜ ስመለስ ልጆቹ ቦርሳቸውን እያነሱ ነው። ዳይሬክተሩ የሉም።

«ምን አሉ?» አልኳት ድምቢጥን።

«ምንም።»

«እጽፋለሁ አላሉም?»

«አላሉም። አልጽፍምም አላሉም። ጠመኔዋን ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ።»

ያለችን ጠመኔ እሷው ብቻ ነበረች። ድምቢጥ ባዶ እጇን እያየች «ረስተው ነው ወይስ አውቀው ነው?» አለችኝ።

«አልገባኝም» አልኳት።

በማግስቱ ሱቄን ከወትሮው ቀደም ብዬ ከፈትኩ። ጋሽ ፊሽካ ገና አልመጡም። ጎማቸው ላይ እኔ ተቀመጥኩና ያን አረንጓዴ በር እያየሁ፣ ይጽፉ እንደሆነ ልጠይቃቸው ዳይሬክተሩን መጠበቅ ጀመርኩ።